ወድቆ መትረፍ፦ ከሐረማያ ሐይቅ እስከ ጌሙ ሰማይ

በ1907 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን በሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባዋ ውሃ ገባባትና ሰጠመች። ከሐረር በሸዋ በር ወጥቶ የሸዋን መንገድ ለያዘ ሰው ሐይቁ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ደጃዝማቹ ተረፉ። መምህራቸው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ግን ከሞቱት መካከል ነበሩ። ከአንድ ጀልባ አንዱ ወጥቶ በኋላ ዘውድ ጫነ፤ ሌላው እዚያው ቀረ። አያቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ ቀኑ ያልደረሰ አይሞትም ይሉ ነበር፤ እኛም ዛሬ በየለቅሶው እንለዋለን። አባባሉ ያዘነ ሰው ማጽናኛ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ከአንድ አደጋ እኩሌታው ሞቶ እኩሌታው ሲተርፍ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ እኛ ገና በወጉ አልያዝነውም።

ጥያቄው በዚህ ዘመን ባልተጠበቀ ቦታ ተመልሶ መጥቷል። ከሸዋ በር ገበያ ጀርባ በአንዱ ቤት ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ሲሙሌተር የጫነ ወጣት አውሮፕላኑን ያስነሳና ሞተሩን ሆን ብሎ ያጠፋል። ከዚያ ሜዳ ይፈልጋል፤ ጎማ ሳያወርድ በሆድ ለማረፍ ይሞክራል፤ ውሃ ላይ ያሳርፋል፤ አፍንጫውን ከፍ፣ ፍጥነቱን ዝቅ እያደረገ ደጋግሞ ይፈትናል። የሚፈልገው መልስ አንድ ነው፦ እንዲህ ብወድቅ እተርፋለሁ ወይስ አልተርፍም? አዋቂዎች ይህን ዋዛ አድርገን ልናልፈው እንችላለን። እኔ ግን ይህ ልጅ መቶ ዓመት ያለፈው ጥያቄ ወራሽ ነው እላለሁ፤ ጥያቄውም የእኛ የራሳችን ታሪክ አለው።

ከሐይቁ የተረፉት ተፈሪ በ1915 ዓ.ም. ወደ ኤደን ሲሻገሩ የእንግሊዝን የጦር አውሮፕላኖች ትርዒት አይተው ራሳቸውም ተሳፍረው በረሩ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። ያ ዓመት በፈረንጆቹ 1929 ነው። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኤድዊን ሊንክ የሚባል የኦርጋን ሠሪ ልጅ፣ በአባቱ ፋብሪካ የሙዚቃ ቧንቧዎችን በአየር የሚሞሉትን ወናፎች ተጠቅሞ መሬት ሳትለቅ የምትወዛወዝ የመለማመጃ አውሮፕላን ሠርቶ ጨረሰ። ለጊዜው ብዙ ሰው እንደ መዝናኛ ነው ያያት። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ እንዲያመላልሱ ያሰማራቸው አብራሪዎች በመጥፎ አየር እየተከሰከሱ ሲያልቁ ግን ስድስት ገዛ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ማሽን ሰለጠነ። ዛሬ ጌም የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው። እኛ አውሮፕላንን በእንግድነት በተቀበልንበት ዓመት ሌላው ዓለም መውደቅን መሬት ላይ ሆኖ መለማመድ ጀመረ።

በአገራችን ሰማይ ከተመዘገቡት ቀደምት አደጋዎች አንዱ የደረሰው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1923 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የሚጭኑበት በዓል ሲቃረብ፣ ከሃርለም የመጣው የትሪኒዳድ ተወላጅ ሂዩበርት ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አስነሥቶ ባህር ዛፍ ላይ ጣላት። አውሮፕላኗ ተሰባበረች፤ ሰውየው በሕይወት ወጣ። ጋዜጦቹ የጻፉት ስለ ውርደቱ ነበር። የተረፈበት ምክንያት ግን ከውርደቱ ይልቅ ያስተምር ነበር። ያቺ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራች አውሮፕላን ስታርፍ ፍጥነቷ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዛሬ ትልቅ ጄት ያለ ፍላፕ (ቀስ ብሎ ለማረፍ ከክንፉ የሚወርደው ክፍል) በ320 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወርድ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት የሚሸከመው ጉልበት ከዚያ 20 እጥፍ ይበልጣል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭት ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋልና። በዚያ ላይ የዛፉ ቅርንጫፎችና የክንፎቹ እንጨት እየተሰበሩ ግጭቱን ተካፈሉለት። ማንም ግን ይህን ጽፎ አላስቀመጠም።

ሐረር በበኩሏ አውሮፕላንን በሌላ ፊቱ አወቀችው። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጁገል ግንብ ከሜዳ የሚመጣን ጠላት እንዲመክት የቆመ ነው፤ ከላይ ለሚመጣው መልስ አልነበረውም። ዛሬ በሳተላይት ፎቶ መላውን ምድር ባካተቱት ጌሞች ላይ አንድ የሐረር ልጅ ያንኑ ግንብ ከሰማይ ሲያየው የትኞቹ ዓይኖች ከእሱ በፊት ከዚያ ከፍታ እንዳዩት ቢያውቅ መልካም ነው።

ወድቆ የመትረፍን ጥያቄ በሳይንስ መልክ ካነሱት ቀዳሚው ራሱ ወድቆ የተረፈ ሰው ነው። ሂዩ ደሄቨን እ.ኤ.አ. በ1917 በሥልጠና ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ከሌላ ጋር ተጋጭታ ወደቀች፤ ሆድ ዕቃው ክፉኛ ተጎድቶ ዳነ። ሰውነቱን የጎዳው የቀበቶው ብረት መሆኑን ገመተና ያ ሐሳብ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። በ1942 ከፍ ካለ ሕንጻ ወድቀው ስለተረፉ ሰዎች ጥናት አሳተመ፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲም የአደጋ ጉዳት ምርምር መራ። ያገኘው ነገር ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ሰውን የሚገድለው ፍጥነቱ ሳይሆን ፍጥነቱ የሚያልቅበት ርቀት ማጠሩ ነው። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ተንሸራትቶ በ300 ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ተሳፋሪው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከራሱ ክብደት ያነሰ ነው። በ15 ሜትር ውስጥ ቢቆም የክብደቱ 15 እጥፍ ይሆናል። በ5 ሜትር ቢቆም 45 እጥፍ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ የአዳዲስ አውሮፕላኖች ወንበር 16 እጥፍ እንዲችል ያዘዘው ከዚህ የምርምር መስመር ተነሥቶ ነው። ሰው የሞላበት አውሮፕላን ግማሾቹ በሮች ተዘግተው በ90 ሴኮንድ ባዶ መሆን አለበት የሚለው ሕግም የዚህ እህት ነው።

እኛ ዘንድ በዚያው ዘመን ገደማ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነበሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቺካጎ መጥተው ለኢትዮጵያ የበረሩ፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሰው አብራሪዎቻችንን ያሰለጠኑ ሰው ናቸው። በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አነስተኛ አውሮፕላናቸው ተከሰከሰች። ግጭቱ ወዲያው አልገደላቸውም፤ ያረፉት ከቀናት በኋላ ነው። ይህችን ልዩነት አንባቢ እንዲይዛት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ በሚነገረው ሁሉ ውስጥ አለችና። ከግጭቱ መትረፍ አንድ ነገር ነው። ከአደጋው መትረፍ ሌላ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አስመራ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ባሕር ዳር ላይ አርፎ እንደገና ሲነሣ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ዞረው ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ። ጎማ ሳያወርዱ ሜዳ ላይ በሆድ አሳረፉት፤ እሳት ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። የባሕር ዳር ሜዳ ለጥ ያለ ስለሆነ አውሮፕላኑ የሚንሸራተትበት ቦታ አግኝቷል፤ የርቀት ሕጉ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ከእሳት ጋር የተደረገ ሩጫ ነው። አንድ ወጣት ጌሙ ላይ ሁለቱንም ሞተር አጥፍቶ በሆድ ሲያርፍ ሳያውቀው የሚደግመው ይህንኑ የባሕር ዳር በረራ ነው። ልዩነቱ አውሮፕላኑ ሲቆም የእሱ ጨዋታ ማለቁ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ሁለተኛው ግማሽ የጀመረው ያኔ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 961 ቦይንግ 767 ተጠለፈ። ሦስቱ ጠላፊዎች ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጠለፋ የገጠማቸው ሰው ናቸው፤ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግመው አስረዱ። ጠላፊዎቹ አላመኑም፤ ምክንያቱም አየር መንገዱ ለተሳፋሪ በሚያድለው መጽሔት ላይ ይህ አውሮፕላን ይህን ያህል ሰዓት ይበርራል የሚል ጽሑፍ አይተው ነበር። መጽሔቱ አልዋሸም፤ የጻፈው ታንኩ ሙሉ ስለሆነ አውሮፕላን ነው። ናይሮቢ ለሚደርስ በረራ የተቀዳው ነዳጅ ግን ለናይሮቢና ለመጠባበቂያ የሚበቃ ነው። ከነባራዊው ሁኔታ የተነጠለ አንድ ቁጥር ስንት ሕይወት እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ሞተሮቹ በኮሞሮስ ደሴቶች አቅራቢያ ተራ በተራ ጠፉ። ያለ ሞተር ፍላፕ ማውረድ ስላልተቻለ አውሮፕላኑ ከተለመደው በጣም በሚበልጥ ፍጥነት፣ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባሕሩ ወረደ። ከጠላፊዎቹ ጋር የነበረው ትግል እስከ መጨረሻው አላቆመም፤ ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ታግለው ወደ ካፒቴኑ ተመለሱ። ግራ ክንፍና ግራ ሞተር ውሃውን ቀድመው ነኩ፤ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ተሰባበረ። ዳርቻው ላይ ሆቴል ነበር፤ አንድ ቱሪስት የቀረጸውን ቪዲዮ ዓለም ሁሉ አይቶታል። የሆቴሉ እንግዶች፣ ጠላቂ ዋናተኞችና ለዕረፍት የመጡ ሐኪሞች በጀልባ ደረሱ። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ከሞቱት አንዱ የ1977ቱን ረሃባችንን ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው።

በዚህ አደጋ ውስጥ ከሁሉም በላይ ልንወርሰው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፉት። ውሃ ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ በር ደግሞ ከታች ነው፤ ጠልቀው መውጣት አልቻሉም። ግጭቱን ያለፉ ሰዎች ሊያድናቸው በተሠራ ዕቃ ምክንያት ሞቱ። ዛሬ በየትም አገር የበረራ አስተናጋጆች ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ አይንፉ ብለው አጥብቀው ሲናገሩ፣ ያንን ማሳሰቢያ ካከበዱት አደጋዎች ግንባር ቀደሙ የእኛው ነው። በልጆቻችን መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን አይቼው አላውቅም።

ሰው ሠራሽ ፈተናም ከዚህ ቀድሞ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1984 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣንና ናሳ በአሻንጉሊት ሰዎች የተሞላ ቦይንግ 720 ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ ሆን ብለው ጣሉ። ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ የሚያበርረው አብራሪ አስቀድሞ ብዙ ተለማምዶ ነበር። ዓላማው ቀስ ብሎ የሚቀጣጠል አዲስ ነዳጅ መሞከር ነበር። በቀኑ ግን አውሮፕላኑ ግራ ክንፉን አዘንብሎ ደረሰ፤ የግራው ሞተር መሬት ቀድሞ ነካ፤ ክንፉን እንዲቀድዱ የተተከሉት ብረቶች ባልታሰበ በኩል ገቡ፤ እሳቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነደደ። አጥኚዎቹ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ሩብ ያህሉ ይተርፍ ነበር ብለው ገመቱ። ኮሞሮስ ላይ የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ በ12 ዓመት ልዩነት፣ አንዱ በበረሃ አንዱ በባሕር፣ የዘነበለ ግራ ክንፍ ነው ሁለቱንም ያበላሸው። በጥንቃቄ የተዘጋጀ ፈተና እንኳ ከታሰበለት መስመር ይወጣል።

ታዲያ ጌሙ ምን ያውቃል? የመጀመሪያው ፍላይት ሲሙሌተር በብሩስ አርትዊክ እጅ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል ኮምፒውተር ወጣ፤ ማይክሮሶፍት በ1982 የራሱን አቀረበ፤ ኤክስ ፕሌን በ1990ዎቹ ተከተለ። እነዚህ ጨዋታዎች አየር ክንፍን እንዴት እንደሚሸከም ሲያሳዩ ያስደንቃሉ፤ ከሞተር መጥፋት በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር መንሸራተት እንደሚቻል፣ አፍንጫን ከልክ በላይ ማንሣት ለምን እንደሚገድል በደንብ ያስተምራሉ። መሬት ሲነካ ግን አብዛኞቹ የሚሰጡት ፍርድ ሁለት ብቻ ነው፤ አርፈሃል ወይም ተከስክሰሃል። ማያው ይጠቁርና ወደ መነሻው ይመልሱሃል። ወንበሩ ተነቀለ ወይስ ያዘ፣ ጭስ በስንት ሴኮንድ ገባ፣ ኋላ የተቀመጡት በር አገኙ ወይስ አላገኙም የሚል ስሌት የለበትም። ባሕር ዳር 35 ሰው የሞተበት፣ 69 የተረፈበት ያ ሰፊ መካከለኛ ስፍራ ጌሙ ውስጥ የለም።

አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን አደጋ ከገጠማቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንደሚተርፉ አሳይቷል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2000 በአሜሪካ አየር መንገዶች ላይ የደረሱትን አደጋዎች ሲመረምር፣ በአደጋው ውስጥ ከነበሩት ሰዎች 95.7 በመቶው መትረፋቸውን አገኘ። እሳትና ከባድ ስብራት ባለባቸው አደጋዎች እንኳ ከግማሽ በላይ ተርፈዋል። አውሮፕላን ከወደቀ ሁሉም አለቀ የሚለው የቆየ እምነታችን ስለዚህ ስህተት ነው፤ ስህተቱም ጎጂ ነው፤ አልተርፍም ብሎ የተሳፈረ ሰው መውጫውን አይፈልግምና።

እውነተኛው ሲሙሌተርም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ኒው ዮርክ ላይ ሞተሮቹን ወፎች ያጠፉበት ኤርባስ ሃድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ተረፉ። በኋላ መርማሪዎች ሁኔታውን በሲሙሌተር ደገሙት። ወዲያው ወደ ኤርፖርቱ የዞሩት አንዳንዶቹ ደረሱ። አንድ እውነተኛ ሰው ነገሩን ለመረዳትና ለመወሰን የሚያስፈልገው 35 ሴኮንድ ሲጨመር ግን አልደረሰም። ሲሙሌተሩ ውስጥ የተቀመጠው አብራሪ የሚመጣውን ያውቃል፤ እውነተኛው አብራሪ አያውቅም። ጌም ላይ አሥረኛ ጊዜ ሲሞክር የሚሳካለት ወጣት ይህን ልብ ይበል፤ ካፒቴን ልዑል ሁለተኛ ሙከራ አልነበራቸውም።

ሲሙሌተር ከእውነታው ሲለይ የሚያስከፍለውን ዋጋ እኛም በከባዱ ከፍለናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰዎች አለቁ። ያ አደጋ መትረፍ የሚባል ነገር ያልነበረበት ነው፤ በዚያ ፍጥነት መሬት ለነካ አውሮፕላን ወንበርም ቀበቶም መልስ አይሆኑም። ጥፋቱ ከመውደቁ በፊት የነበረ ነው። 737 ማክስ ሲወጣ ነባር አብራሪዎች ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም ተብሎ ተሸጠ። ከአደጋው በኋላ ቦይንግ የሲሙሌተሩ ሶፍትዌር ራሱ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያሳይ አመነ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ደግሞ የሲሙሌተር ሥልጠና ያስፈልጋል ብሎ ቃሉን ቀየረ። የውሸቱ ዓለም እውነተኛውን ሳይመስል ሲቀር እንዲህ ያለ መዘዝ ያመጣል። ስለዚህ «ጌም ነው» ብሎ መናቅም «ጌሙ እንዲህ አለ» ብሎ ማመንም ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ ለ787ና ለኤ350 ጭምር ሲሙሌተሮች አሉት፤ ከሌሎች አገሮችም አብራሪዎች መጥተው ይሰለጥኑበታል። በ1923 ዓ.ም. አንዲት ጂፕሲ ሞዝ ባህር ዛፍ ላይ የቀረችበት አገር እዚህ መድረሱ ያኮራል። የጎደለን እውቀቱን ከሃንጋሩ አውጥቶ ሕዝብ ውስጥ ማድረስ ነው። ባሕር ዳርና ኮሞሮስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ በወጉ ተጽፈው ትምህርት ቤት ሊገቡ ይገባል። የተረፉት ሰዎች ቃል ሳይዘገይ ሊሰበሰብ ይገባል። ጌም መሥራት የጀመሩት ወጣቶቻችን ደግሞ ሌላው ዓለም የተወውን ቦታ ቢይዙ እመኛለሁ፤ አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ የሚጀምር፣ ጭስ ያለበት፣ 90 ሴኮንድ የሚቆጥር፣ በር የሚያፈላልግ ጨዋታ። እስከዚያው የሚፈትን ልጅ በወረቀት መዝገብ ይያዝ፤ ሲነካ ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ በስንት ሜትር ቆመ፣ ክንፎቹ ደልዳላ ነበሩ ወይስ ዘንብለው? ደሄቨን የጀመረው ከዚህ ባልበለጠ ነገር ነው።

ለአንባቢ ደግሞ አንድ ቃል። ከሸዋ በር ተነሥተው፣ ሐረማያን አልፈው፣ ደንገጎን ወርደው ድሬዳዋ ከአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ሲሳፈሩ አስተናጋጇ የምትናገረውን ስልክዎን አስቀምጠው ያድምጡ። ከወንበርዎ እስከ ቅርቡ መውጫ ስንት ረድፍ እንዳለ ይቁጠሩ፤ በጭስ ውስጥ የሚያገለግልዎ ዓይንዎ ሳይሆን ያ ቁጥር ነው። ቀበቶውን ከወገብዎ ዝቅ አድርገው ያጥብቁ። የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ ካስፈለገም ከበሩ ሳይወጡ አይንፉት።